«እርጅና ነው» ተብለን ተመለስን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምንኖረው ለገጣፎ ነው። እናቴ 86 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ቡናውን ቆልታ፣ ጭሱን ለሁላችን አሽትታ እንደጨረሰች «ልጄ፣ ቡናውን ቆላሁት እንዴ?» አለችኝ። ምጣዱ ገና እጇ ላይ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። «እርጅና ነው» ተብለን ተመለስን። ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ ደሟ ሲመረመር የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ተገኘባት፤ ይህ እጥረት ማስታወስን ሊያዳክም ይችላል። ለዓመታት ለስኳር የምትወስደው ሜትፎርሚን የዚህን ቫይታሚን መጠን ሊቀንስ እንደሚችል የነገረን አልነበረም። ቢ12 የሚገኘው ደግሞ ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ ጾም የማታፈርስ እናት ከየት ታምጣው? አሁን መርፌውን ጀምራለች። የጠፋው ሁሉ አልተመለሰም፤ የልጅ ልጆቿን ስም ግን አታምታታም።

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት 80 ዓመት ያለፋቸውንና መቶ የደፈኑ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። ከሞቱ በኋላ አንጎላቸው ውስጥ ብዙ ሉቲን (በአረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል የሚገኝ ንጥረ ነገር) የተገኘባቸው ሰዎች፣ በሕይወት ሳሉ በተሰጣቸው የማስታወስና የማሰብ ፈተና የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ሉቲን መርሳትን ያድናል ማለት አይደለም፤ ዝምድናው ብቻ ነው የታየው። ግን ሉቲን ከጓሯችን ጎመን ይገኛል፤ ሰውነት በደንብ የሚቀበለውም ዘይት ጠብ ሲደረግበት ነው። እኛ ግን ለሽማግሌ «ይከብደዋል» እያልን ሻይ በዳቦ እንሰጣለን።

የጤና ባለሙያዎቻችንን የምለምነው አንድ አዛውንት «እረሳለሁ» ሲሉ፣ ምን እንደሚበሉና ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ እንዲጠይቁ ነው።

ከለገጣፎ