ከአራተኛ ፎቅ ውረድልኝ

አባዬ፣

እንኳን ለ75ኛ ዓመትህ አደረሰህ። ልደውል ነበር፤ ግን በስልክ ስናወራ ወሬውን ወደ ከንቲባዎች ወስደህ ታመልጠኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

እህቴ ነግራኛለች። ደረጃው መሃል ትንፋሽ አጥሮህ ተቀመጥክ አሉ። ለእኔ "ጉንፋን ቢጤ ነው" ነበር ያልከኝ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ያ "ከንቲባው" የምትለው የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲያወራ ያፏጫል። ትልቋ መነጽር አደረገች፤ ቁርጥ አንተን።

ቤቱን አከራይተህ ወንድሜ ግቢ ግባ ስንልህ "ይሄን ቤት የሰጠኝ አርከበ ነው" ትላለህ። ኧረ አባዬ! ዕጣው የደረሰህ እኮ በከንቲባ ኩማ ጊዜ ነው። ለነገሩ ይገባኛል። ዕድሜህን ማዘጋጃ ቤት ጨረስክ፤ በ1995 አርከበ ከንቲባ ሆኖ ሲሾም ግን ገና እንደተቀጠረ ሰው ነበር የምትሮጠው። ኮንዶሚኒየሙ ሲጀመር፣ በየመንገዱ ዳር የአርከበ ሱቅ ሲተከል፣ ራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረህም። ሰውየው ሠርቷል፤ አልክድም።

ከዚያ ምርጫ 97 መጣ። ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት ወንበር 137ቱን ሲያሸንፍ እኔ ጨፈርኩ፣ አንተ ሬዲዮኑን ዘጋህ። ጥቅምት 1998 ብርሃኑ ነጋ ታሰረ፤ እኔም ተያዝኩ።

ዛሬ ስለ እሱ ስታወራ ድምፅህ ይለሰልሳል። "ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ የታሰረ ከንቲባ" ትላለህ። ሐምሌ 1999 መፈታቱን፣ ኋላም ትምህርት ሚኒስትር መሆኑን ትተርካለህ። አርከበ የሥራና ከተማ ልማት ሚኒስትር ዴኤታ፣ ከዚያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ መሆኑንም እንዲሁ። ብርሃነ ደሬሳ፣ ኩማ፣ ድሪባ፣ ታከለ፣ አዳነች፤ ማን መቼ እንደተሾመ አንድ አትስትም።

እኔ መቼ ነው የተፈታሁት?

እማዬ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ አንተ አንድ ቀን አልመጣህም። ቤት ስገባ "ፀጉርሽን ታጠቢ" አልከኝ። በቃ። ለእንጀራህ ፈርተህ ይሁን ተቀይመኸኝ፣ እስካሁን አላውቅም። የትኛውም ቢሆን እችለዋለሁ፤ ብቻ ካንተ አፍ ልስማው። ለትምህርቴ ሰዓትህን እንደሸጥክ አልረሳሁም። ይሄኛውንም አልረሳሁም።

ግፊትህን ትለካለህ? መድኃኒቱ ሳያልቅ እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ጄሪካን ተሸክመህ እንዳትወጣ፣ በእማዬ! ለጎረቤት ልጅ ክፈለው፤ እልካለሁ።

ሰኔ ላይ እመጣለሁ ብዬ ነበር። እህቴ ከደወለች ወዲህ ግን ሰኔ ራቀብኝ። ትኬቱን ለማስቀየር እየሞከርኩ ነው። እስከዚያ እሁድ ማታ እደውላለሁ፤ ስለ ጥቅምቱ ንገረኝ። ስለ ኩማ ከጀመርክ እዘጋዋለሁ።

ልጅህ