ለጠጁ ብሎ ጎጃም የሚመጣ ሰው ጥርን ይምረጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አስጎብኚዎች «የማርና የጠጅ አገር» እያሉ እንግዳ ወደ ጎጃም የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ነው። አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶታል፣ ጢስ ዓባይም ሙሉ ነው፤ ለዓይን ከዚህ የተሻለ ወር የለም። ለጠጅ ግን ገና ነው። ንቡ አበባ ላይ ነው፤ ማሩ የሚቆረጠው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ እስከ ገና ዶሮ ወጥ አይታሰብም።

አጣጣሉን እንይ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ተበርዞ በወይራ በታጠነ ጋን ይቀመጣል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሰፈፉ ይገፈፋል። ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ ከጌሾ እንጨት ጋር ይፈላና ሲበርድ ይመለሳል። ቆላ ላይ ሁለት ሳምንት ሊበቃው ይችላል፤ እንደ እንጅባራ ባለ ደጋ ግን ብርዱ መፍላቱን ስለሚያዘገየው ይቆያል። ችኩል ሻጭ ስኳር የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው። የጋኑ አፍ በደንብ ካልታሰረ ደግሞ አየር ገብቶ ያኮመጥጠዋል። ብርሌውን ስትቀበሉ አስቀድማችሁ አሽትቱት፤ የማር ጠጅ ማርና ሰም ይሸታል። የስኳሩ ይጣፍጣል እንጂ ያ ሽታ የለውም። ቢጫነቱ ከልክ በላይ የደመቀውንም ተጠራጠሩ፤ ቀለም ይገባበታል።

ስለዚህ የአዲስ ማር ጠጅና ዶሮ ወጥ የሚገናኙት ከገና በኋላ ነው። ጥር 11 ጥምቀት አለ፤ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ይወጣሉ፤ የዘንገና ሐይቅም እዚያው ቅርብ ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን ጾም ነው። ነነዌም ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ከጥር ሦስት ቀን ይወስዳልና ቀን ከመቁረጥ በፊት ባሕረ ሐሳቡን ተመልከቱ።

ጥር የሚያሳጣውም አለ። ጢስ ዓባይ በበጋ ይሳሳል፤ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ይዞራል። አስጎብኚዎች ይህን ለእንግዳው አስቀድመው ቢነግሩት ቅር ሳይለው ይመለሳል።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ በፍሬን ብቻ መተማመን ያግለዋል፤ በከባድ ማርሽ ይወረድ። የማር ጠጅ በጣፋጭነቱ ያዘናጋል፤ በመልሱ ጉዞ መሪ የሚይዘው ሰው ብርዝ ይጠጣ።

ከአክብሮት ጋር
ከደብረ ማርቆስ