ሞተሯ የምታድርበት ቤት

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐዋሳም ደህና ናት። ሐይቁ ዳር ያለው አሣ ገበያ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በሰውና በወፍ ይሞላል።

ካወጋን ስንት ዘመን ሆነን። አንተ ሞተርህን ሸጠህ የሄድከው በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ አዲስ አበባ ላይ ሞተር በተገደበበት ሰሞን ነበር። ከዚያ በኋላ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ኑሮው ተወደደ። በበዓል በበዓል "እንኳን አደረሰህ" ከመባባል በቀር ቁም ነገር ሳናወራ ቀረን። እኔ ግን መንገድ በወጣሁ ቁጥር አንተን ሳላነሳ የቀረሁበት ቀን የለም።

ሰሞኑን እህትህን ገበያ አገኘኋት። ከጥምቀት በኋላ እንደምትመጣ፣ ሞተር ተከራይተህ ደቡብንና ባሌን መዞር እንዳሰብክ ነገረችኝ። ደስታዬን የት ላድርሰው! ወዲያው ደግሞ "ማደሪያውን በሙሉ ከፍራንክፈርት ሆኖ በኢንተርኔት ይዞ ሊጨርስ ነው" አለችኝ። እስክሪብቶ ያስነሳኝ ይኼ ነው። እባክህ ተው።

አዲስ አበባንና ሐዋሳን ቀድመህ ብትይዝ ግድ የለኝም። (ሐዋሳ እንኳ የእኔ ቤት እያለ ሆቴል ብትገባ እቀየምሃለሁ።) ከዚያ ወዲያ ግን አዛዡ መንገዱ ነው። ዶዶላ ላይ ዝናብ ይይዝሃል። ማደያው "ቤንዚን የለም" ይልሃል፣ ግማሽ ቀን ወረፋ ትቆማለህ። ጎማ ይተነፍስና ጎሚስታ ፍለጋ ሞተር ትገፋለህ። ጎባ ላይ ግን የከፈልክበት አልጋ እየጠበቀህ ነው። ስለዚህ መሽቶም ትነዳለህ። የአገራችን መንገድ ማታ ምን እንደሚመስል መቼም አትረሳውም። መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት፣ ረጅም መብራቱን የማያወርድ አይሱዙ። አብረውን ይነዱ ከነበሩት ልጆች መካከል ያጣናቸውን አስብ።

እኔ አሁን አንድ ሕግ አለኝ። 10 ሰዓት ሲሆን የትም ልሁን የት፣ ማደሪያ መጠየቅ እጀምራለሁ። ፀሐይ እስክትገባ ሁለት ሰዓት ያህል አለኝ። ተረጋግቼ ሁለት ሦስት ቤት አያለሁ። ካልጣመኝም ቀጣዩ ከተማ ሳይመሽብኝ እደርሳለሁ።

ስጠይቅ ደግሞ "አልጋ አለ?" ብዬ አልጀምርም። "ሞተር ማስገቢያ አላችሁ?" ነው የምለው። የቤቱ ጠባይ በዚያች ጥያቄ ይታወቃል። "ውጭ አቁማት፣ ምንም አትሆንም" የሚል ቤት ውስጥ አላድርም። ባለቤቷ ራሷ ወጥታ በሩን በዓይኗ ለክታ፣ "ይቺን ደረጃ በሳንቃ እናሳልፋታለን" ካለች ግን ሌላውን ሳላይ ሄልሜቴን አወልቃለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ለሞተርህ ካሰበች ለአንተም ታስባለች። አንሶላው ንጹሕ ይሆናል። ቧንቧው ቢደርቅ እንኳ ጀሪካን ውሃ በርህ ላይ ታገኛለህ። መብራት ቢጠፋ ሻማው ከነክብሪቱ ይመጣልሃል።

ሁለተኛው የማየው የግቢው ጥበቃ ነው። ክፍሌ ከመግባቴ በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሻይ አብሬ እጠጣለሁ። ከየት እንደመጣሁ፣ በስንት ሰዓት እንደምነሳ እነግራቸዋለሁ። አብዛኞቹ አባት የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ያሳለፉ፣ ብዙ የሚያወሩት ያላቸው። ስለ ነገው መንገድ ከማንም የተሻለ መረጃ ያገኘሁት ከእነሱ ነው። ድልድይ መፍረሱን፣ የትኛው መንገድ ሰላም እንደሆነ፣ የትኛው ማደያ ትናንት ቤንዚን እንደገባለት ሁሉንም ያውቃሉ።

ክፍል ስትመርጥ ከምግብ ቤቱና ከመጠጡ ራቅ ያለውን፣ ጓሮ ያለውን ጠይቅ። ፊት ለፊት ያለው ክፍል ቆንጆ ነው፣ ቴሌቪዥንም አለው፣ ግን እስከ ስድስት ሰዓት ሙዚቃ ነው። ሰው አልጋ ቤት ጠቁመኝ ካልክም የምትጠይቀው ጎሚስታውንና የከባድ መኪና ሹፌሮችን ይሁን። ሹፌር ንብረቱን አሳድሮ እንቅልፍ የሚተኛበትን ግቢ ያውቃል።

ስሙን የማልጠራው አንድ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው ትልቅ ሆቴል ገባሁ። ከፈልኩ፣ ቁልፍ ተሰጠኝ። ሞተሯን ላስገባ ስል እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ "ግቢያችንን በዘይት ታበላሻለች፣ መንገድ ላይ ትደር" አለኝ። ውጭ ዝናብ ነው። ብዙ ተለማመጥኩት፣ እምቢ አለ። ገንዘቤን ተቀብዬ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት ነገሩን ሁሉ ከደጃቸው ያዩ ነበር። "ና ልጄ፣ እኔ ማድቤት አስገባት" አሉኝ። ሞተሯ ከምጣዱ አጠገብ አደረች። እኔ ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎልኝ ተኛሁ። ሌሊት በ10 ሰዓት እንጀራ ሊጋግሩ ሲነሱ "አትነሳ፣ ተኛ" ብለው በሩን ገርበብ አደረጉልኝ። ያን ያህል ሞቆኝ የተኛሁበት ሌሊት ትዝ አይለኝም።

አሁን የባሌውን ላውራህ፣ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ መመዝገቡን ሳትሰማ አትቀርም። የጌዴኦ መልክዓ ምድርም በዚያው ሰሞን ነው የተመዘገበው። ዲንሾ ጋ ስትደርስ ፍጥነትህን ቀንስ። የደጋ አጋዘን መንገዱን አቋርጦ ሲሄድ ታያለህ። ከጎባ በላይ ደግሞ የሳነቲ አምባ አለ። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ቱሉ ዲምቱ ራሱ 4,377 ሜትር ነው፣ ሞተር እስከ አናቱ ይወጣል። አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተር ያላት ሞተር ትታፈናለች። ነዳጁ ያው ሆኖ አየሩ ስለሚያንሳት ጉልበቷ ያልቃል። ያኔ አታስጨንቃት፣ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ውጣ። በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ታገኛለህ። ወፍራም ጓንት ከዚያው ይዘህ ና።

አንድ ጊዜ ሳነቲ ላይ በጅብራዎቹ መካከል ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን አይቼ፣ ቆሜ ስመለከት ከሰዓት ሆነ። ከዚያ በረዶ ወረደ። እንደ ጠጠር የሚመታ በረዶ። ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላ ውሃ ገባበትና ሞተሯ ጠፋች። ማርሽ ፈትቼ በቁልቁለቱ ወደ ሀረና ደን በዝምታ ወረድኩ። ሪራ መንደር ስደርስ ጣቶቼ ፍሬን መያዝ አቅቷቸው ነበር።

መንገድ ዳር ፈረስ የያዙ ሰውዬ ነበሩ። ምንም አልጠየቁኝም። ልጆቹን ጠሩ፣ ልጆቹ ሞተሯን ገፍተው ቀርከሃ አጥር ውስጥ አስገቧት። ጥጆቹ ወደ አንድ ጥግ ተሰበሰቡና ሞተሯ ከጣሪያው ሥር ቦታ አገኘች። እናታቸው እሳቱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ካልሲዬን ከእጄ ነጥቀው ከእሳቱ በላይ ሰቀሉት። እሳቸው አማርኛ አይችሉም፣ እኔም ኦሮምኛዬ ለሰላምታ ብቻ ነው። አንዲት ተማሪ ልጅ ታስተረጉመን ነበር። ትኩስ ወተት መጣ። ከዚያ ጩኮ መጣ፣ የገብሱ ዱቄት በቅመም ቅቤ ታሽቶ። አንድ ጉርሻ ሰው ያቆማል። መጨረሻ ላይ የሀረና ማር። አባወራው ካንዴላውን ፈትቼ ሲያዩኝ ተቀብለውኝ እሳት ዳር በድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ጠዋት ሞተሯ በመጀመሪያው ምት ተነሳች።

ስሄድ ብር አወጣሁ። ሰውየው ፊታቸው ተለወጠ። ልጅቷ "እንግዳ አይከፍልም ይላል" አለችኝ። አፈርኩና መለስኩት። ቆይቼ በዚያ ሳልፍ ለቤቱ ስኳርና ሳሙና፣ ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ገባሁ። ያንን በደስታ ተቀበሉኝ። ስለዚህ ሰው ቤት ካደርክ ብር አትዘርጋ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ደብተር ሻንጣህ ውስጥ ይኑር። አልጋ ቤትና ሎጅ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ግን ዋጋውን ሳትከራከር ክፈል፣ ኑሯቸው ነው።

አባቶቻችን "የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሩኝ" ብለው፣ "ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ" ተብለው አገር ያቋረጡት በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ ሰው ፈርቷል፣ አይፈረድበትም። ብዙ አይቷል። ስለዚህ መንደር ስትገባ ሞተርህን ከሩቅ አጥፋና ገፍተህ ግባ። ሄልሜትህን ሳታወልቅ ሰላም አትበል፣ ፊትህን ይዩት። በመጀመሪያ የመንደሩን ሽማግሌ ወይም የቀበሌውን ሰው ጠይቅ፣ ሳይጠይቁህ መታወቂያህን አሳይ። ያን ጊዜ የሚያሳድርህ ሰው ኋላ ጥያቄ አይመጣበትም። ፎቶ ሳታስፈቅድ አታንሳ። ይኼን የምልህ በቅርብ ጊዜ በቡድን እየነዱ የሚያልፉ ልጆች ስላየሁ ነው። ገብተው ሕፃናቱን ፎቶ አንስተው፣ ከረሜላ በትነው ይሄዳሉ። በየሄዱበት ሕፃናቱ ሞተር ባዩ ቁጥር እየሮጡ "ስጡን" ማለት ለምደዋል። ያ በጣም ያሳዝነኛል። የሪራው ቤት በር ለሚቀጥለውም መንገደኛ እንደተከፈተ እንዲቆይ እፈልጋለሁ።

ከባሌ መልስ ወደ አርባ ምንጭ አብረን እንሄዳለን። አርባ ምንጭ ላይ አንድ ቀን ዕረፍት፣ አባያንና ጫሞን የሚለየውን የእግዜር ድልድይ ከላይ ሆነን እናያለን። ማደሪያችን ግን ዶርዜ ይሁን። ከታች ካለው ሙቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ተከታታዩ ኩርባ ለሞተር ገነት ነው። እዚያ ለእንግዳ የሚያከራዩት በቀርከሃ የተሠራውን የራሳቸውን ቤት ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን እየቆረጡ ስለሚጥሉት፣ ቤቱ ዕድሜው ሲገፋ እያጠረ ይሄዳል። ማታ እሳት ዳር ቆጮ ከዳጣና ከማር ጋር ይቀርባል። ሞተራችን አጥሩ ውስጥ፣ እኛ ከሸማኔዎቹ ጋር ጨዋታ። ኮንሶ ከደረስን ደግሞ ሞራውን አሳይሃለሁ፤ የመንደሩ ወጣቶች እሳት ወይም አደጋ ቢነሳ ወዲያው እንዲደርሱ አብረው የሚያድሩበትን የጋራ ቤት።

ላሊበላን፣ ጎንደርን አንተም እንደምትመኝ አውቃለሁ። ከታርማበር ቁልቁል ስንወርድ የዘፈንከው ዛሬም ይሰማኛል። ሰሜኑን ለአሁኑ እንተወው፣ ሰላም ይውረድና አብረን እንሄዳለን። የደቡቡንም ቢሆን በየማለዳው ከሹፌሮች ጠይቀን ነው የምንነሳው።

አሁን የምትመጣበትን ቀን ቁርጥ አድርገህ ጻፍልኝ። የሞተሩን ኪራይ እኔ እዚሁ እጠይቅልሃለሁ። ከቻልክ 428 ቁጥር የሞተር ካቴና (ሰንሰለት) አንድ ይዘህልኝ ና፣ እዚህ የሚገኘው ቶሎ ይረዝማል። የዝናብ ልብስህን አትርሳ። ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ባለቤቴም "ዶሮው ተመርጧል በለው" ብላሃለች።

ወንድምህ
ከሐዋሳ