እሳቸውን ራሳቸውን ጠይቋቸው

ውድ አዘጋጅ፣

የጤና ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም። ግን አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ሐኪሙ ይናገራል፣ ተመራማሪው ይናገራል፣ ኃላፊው ይናገራል። በሽታውን ተሸክሞ የሚኖረው ሰው ግን የለም። ካለም ፎቶው ላይ ነው።

ይህን ያስጻፈችኝ እናቴ ናት። ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄጄ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሐኪሙ እኔን እያየ «የት ጋ ነው የሚያማቸው?» አለ። እኔም ፈጠን ብዬ «ግራ ጎኗን» አልኩ። እናቴ እጅጌዬን ሳብ አደረገችና «ቀኜን ነው» አለች። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየ፤ እሷን ሳይሆን እኔን፣ እውነቷን መሆኑን እንዳረጋግጥለት። ጆሮዋ ይሰማል፣ አእምሮዋ ንጹሕ ነው፣ ሕመሙም የራሷ ነው! ከዚያ ወዲህ ሐኪም ፊት ዝም ትላለች። «አንተ ንገርልኝ፣ አንተን ይሰሙሃል» ነው የምትለኝ።

ይህ ነገር ስም አለው፤ «ኤፒስተሚክ ኢንጀስቲስ» ይባላል፣ የዕውቀት በደል እንደማለት። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ሚራንዳ ፍሪከር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ሰው በማንነቱ ምክንያት ቃሉ ሲናቅ፣ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ተክዶ እንደተበደለ ጽፋለች። ሌላም በደል አለ ትላለች፤ የሚደርስብህን የምትገልጽበት ቃል ሲጠፋ። ኮሮና ይዟቸው ወራት ሙሉ ያልተሻላቸው ሰዎች ያጋጠማቸው ይኸው ነበር። ብዙዎቹ «ጭንቀት ነው» ተብለው ተሸኝተዋል። በ2020 «ሎንግ ኮቪድ» የሚለውን ስም ያወጡትም ታማሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ሐኪሞቹ የተቀበሉት በኋላ ነው።

ሴቶች ላይማ ይብሳል። ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ፣ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአሥሩ አንዷን ገደማ ይይዛል፣ ሆኖም ብዙዎቹ የበሽታቸውን ስም እስኪሰሙ ዓመታት ያልፋሉ። የወር አበባ ሕመም ያለ ነው፣ ቻይው ይባላሉ።

«መሣሪያ አይዋሽም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ እንይ። በዚያው በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው የኦክስጅን እጥረትን በጥቁር ታካሚዎች ላይ ሳያሳይ የሚያልፈው ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ሰውየው «መተንፈስ አቃተኝ» እያለ ቁጥሩ «ደህና ነው» ሲል ማን ይታመናል? ነገሩ ከሕክምናም ይሻገራል። እንግሊዝ ውስጥ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት አስተዳዳሪዎች ገንዘብ አጎደላችሁ ተብለው ተፈርዶባቸዋል። የተሳሳተው ሒሳቡን የሚይዘው ኮምፒውተር እንደሆነ እየጮኹ ነበር፣ ግን ማን ሰምቷቸው።

ሐኪሞች ጊዜ እንደሌላቸው አውቃለሁ፣ ደጃቸው ላይ የሚጠብቀውን ሰልፍም አይቻለሁ። ግን በቅርቡ አንዲት ነርስ ወንበሯን ወደ እናቴ አዞረችና «መቼ ነው የሚብስብዎት እናቴ?» አለቻት። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ እንደሚቀሰቅሳት እኔ ልጇ እንኳ የሰማሁት ያኔ ነው።

እናንተንም የምለምነው ይህንኑ ነው። ሌላ ጊዜ ስለ አንድ በሽታ ስትጽፉ መጀመሪያ የምትደውሉት ለታማሚው ይሁን። የተናገረውንም «ይላል» ብላችሁ በአንድ መስመር አትለፉት፣ ቦታ ስጡት።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ