ሳጥኑ ቆሟል ወይስ ይሄዳል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደጀን ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ማስጠኛ ቤት የሰጧትን የጥያቄ ወረቀት ይዛልኝ መጣች። 10 ኪሎ ግራም ሳጥን ወለል ላይ ተቀምጧል። በ20 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) ወደ ጎን ይገፋል፤ ንቅንቅ አይልም። ሙ፣ ማለትም ሳጥኑና ወለሉ ምን ያህል እንደሚያዛቸው የሚነግረን ቁጥር፣ 0.5 ነው። ፍሪክሽኑ (ሰበቃው) ስንት ነው? እሷ 20 ኒውተን ብላለች። መልሱ ግን 50 ነው ተብሎ ኤክስ ገብታለች። ደብተሯ ላይም 20ውን ሰርዛ 50 ጽፋለች። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ልክ የነበረችው እሷ ናት። 50 የሚመጣው ሙን በሳጥኑ ክብደት፣ በ100 ኒውተን ሲያባዙት ነው። እሱ ግን ወለሉ ሳጥኑን ይዞ ማቆየት የሚችልበት የመጨረሻ ጣሪያ ነው። ሳጥኑ እስከቆመ ድረስ ሰበቃ የሚመልሰው የተገፋውን ያህል ብቻ ነው። በ20 ተገፍቶ በ50 ቢመልስ እኮ ሳጥኑ ወደ ገፊው ይመጣ ነበር!

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዬን አስገፋኋቸው። አንዱ በጣቱ ገፋ፤ ዝም። በሁለት እጁ ገፋ፤ ዝም። ጓደኛው ሲጨመርበት ሸርተት አለ። እስኪሸራተት ድረስ ሰበቃው ከእነሱ እኩል እያደገ እንደነበር ያኔ ገባቸው።

ሌላም አለ። ብዙ ልጆች «ኃይሎቹ ከተመጣጠኑ ዕቃው ቆሟል» ይላሉ። ከተማችን ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ናት፤ ምሳሌው በራችን ላይ ነው። ከባድ መኪና መታጠፊያ በሌለው ቁልቁለት ፍጥነቱን ሳይለውጥ ሲወርድ ኃይሎቹ ተመጣጥነዋል። መኪናው ግን እየሄደ ነው። ታዲያ ኢነርጂው የት ገባ? ከእኛ እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። መኪናው ከነጭነቱ 30,000 ኪሎ ግራም ቢሆን ሲወርድ የሚለቀቀው ኢነርጂ ከ300 ሚሊዮን ጁል (የኢነርጂ መለኪያ) በላይ ነው። ፍጥነቱ ስላልጨመረ ይሄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ይሆናል። ከ800 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል!

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ልጅ ሆኜ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ስቀመጥ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ገና ከላይ በከባድ ማርሽ ያደርጋት ነበር። ሙቀቱን ፍሬኑ ብቻውን እንዳይሸከመው፣ ሞተሩም እንዲጋራው መሆኑን የተረዳሁት ፊዚክስ ስማር ነው።

ጥያቄ የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ልጆቹን መጀመሪያ ሥዕል አስሏቸው። ሳጥኑ ቆሟል? እኩል ይሄዳል? እየፈጠነ ነው? ይህን ሳይለዩ ቀመር አይንኩ። የተበተነውንም ወረቀት ፈተናው ሳይደርስ አርሙላቸው።

የፊዚክስ መምህር፣ ከደጀን