ስንት ተተከለ ሳይሆን ስንት ጸደቀ? ለሐሩር ክልል አገሮች የደን ሚኒስትሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በሐሩር ክልል አገሮች ደንን ለምትመሩ ሚኒስትሮች፣

በየዓመቱ ይህን ያህል ሚሊዮን ችግኝ ተከልን ትሉናላችሁ። ጥሩ። ግን ስንቱ ጸደቀ? ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ቆጥሮ የሚነግረን ብዙም የለም። እኔን የሚያሳምነኝ ደግሞ ይህ ቁጥር ብቻ ነው።

መትከሉ እኮ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሣርና ሐረግ ችግኙን ይውጠዋል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ ደረቁ ወቅት ሲገባ እሳት ይደርስበታል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት የሚያርም፣ የሞተውን የሚተካና እሳት የሚከላከል ሠራተኛ ከሌለ ልፋቱ ሁሉ መና ይቀራል። በጀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተከላው ቀን አያልፍም።

የሚተከለው ነገርም ያሳስበኛል። በ2011 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቦን ከተማ ላይ የተጀመረው ዓለም አቀፍ ዘመቻ እስከ 2030 ድረስ 350 ሚሊዮን ሄክታር የተራቆተ መሬት እንዲያገግም ይፈልጋል። በ2019 ተመራማሪዎች የአገሮቹን ዕቅድ ሲመረምሩ ግን 45 በመቶ ያህሉ እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ለገበያ የሚቆረጥ የዛፍ እርሻ ሆኖ አገኙት። የዛፍ እርሻ አያስፈልግም አላልኩም። ጣውላና ማገዶ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት፣ በተራቆተ መሬት ላይ ከሆነማ ለተፈጥሮው ደን እፎይታ ይሰጣል። ግን በየጥቂት ዓመቱ የሚጨፈጨፈውን “ያገገመ ደን” ብላችሁ አትቁጠሩልን።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ፤ እናት ዛፎች፣ ማለትም ዘር የሚሰጡት ትልልቅ ዛፎች። የብዙ ዝናባማ ደን ዛፎች ዘር ድርቀት አይችልም። አድርቆ ዘር ባንክ ማስቀመጥ አይሆንም፣ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ መዘራት አለበት። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች ደግሞ ግዙፎቹ ዛፎች በገፍ የሚያፈሩት በጥቂት ዓመታት አንዴ ነው። እነዚህ ዛፎች ከተቆረጡ ችግኝ ጣቢያው ምን ያፈላል? ወፉና ዝንጀሮው ከየት አምጥቶ ይዘራል? አፈሩ ካልተጎዳና አሮጌው ደን አጠገብ ካለ እኮ መሬቱ ራሱ ይሠራል። በ2021 የወጣ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው በተተወ መሬት ላይ በራሱ የበቀለ የሐሩር ክልል ደን በ20 ዓመት ውስጥ በአማካይ የአሮጌውን ደን ባሕርይ 78 በመቶ ይመልሳል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ላይ ከዶማ ይልቅ አጥርና ጥበቃ ይቀድማል።

ግንድ መቁረጥ ካልቀረ ደግሞ በወጉ ይቆረጥ። ዛፎቹን የሚያያይዘው ሐረግ አስቀድሞ ይቆረጥ፣ ግንዱ የሚወድቅበት አቅጣጫና የሚጎተትበት መንገድ ይታቀድ፣ ዘር የሚሰጡት ዛፎች ይተዉ፣ ቦታውም ይረፍ። ብራዚል ለአማዞን ያወጣችው ደንብ በማሽን የተቆረጠ ቦታ ከ25 እስከ 35 ዓመት እንዲያርፍ ያዛል፤ ቀስ ብለው ለሚያድጉ ዛፎች ይሄም ያንሳል ባይ ነኝ።

ሥራው እንደሚቻል የሪዮ ዴ ጄኔሮ ተራሮች ምስክር ናቸው። የቡና እርሻ አራቁቷቸው ከተማዋ ውኃ ሲቸግራት ከ1861 ጀምሮ ዳግም ደን ለበሱ። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። ችግኙን የተከሉት ግን በባርነት የተያዙ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፣ ይህ መቼም መረሳት የለበትም። ዛሬ ደን የሚጠብቀው ገበሬ ሊከፈለው ይገባል። ኮስታሪካ በ1996 በሕግ ደነገገችው፣ ገንዘቡንም በዋናነት ከነዳጅ ግብር አገኘችው።

በ2021 ግላስጎው ላይ ከ140 በላይ አገሮች እስከ 2030 የደን ጭፍጨፋን እናስቆማለን ብለው ፈረሙ። በ2024 ብቻ 6.7 ሚሊዮን ሄክታር ያልተነካ የሐሩር ክልል ደን ጠፋ። ይህን ያህል ደን እየጠፋ የችግኝ ቁጥር ብቻ አትንገሩን።

በሚቀጥለው ሪፖርታችሁ በየቦታው ስንት እንደጸደቀ፣ ስንቱ አገር በቀል እንደሆነ፣ ለእንክብካቤ ስንት እንደተመደበና በዚያው ዓመት ስንት ሄክታር የተፈጥሮ ደን እንደጠፋ አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡልን።