ለእህት ዓለም፦ ስለ ኮሚቴው

ለምወድሽ እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እትዬ ጤናቸው እንዴት ነው? ከተጻጻፍን እኮ በጣም ቆየን። የሆነውን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ አልጨርሰውም። ዛሬ አንዱን ብቻ ላጫውትሽ።

የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አባል ሆኛለሁ። ሐኪሞቹ «አይአርቢ» ይሉታል። በሰው ላይ የሚካሄድ ጥናት ከመጀመሩ በፊት እኛ ጋ ይቀርባል። ኮሚቴው በባለሙያ ብቻ እንዳይሞላ ከሙያው ውጭ የሆነ ሰውም ይገባበታል፤ ያቺ ሰው እኔ ነኝ።

ፕሮፖዛሉ ወፍራም ነው። ስለ ናሙናው ብዛት ሌሎቹ ይከራከሩበት። እኔ በቀጥታ የምሄደው ወደ ስምምነት ቅጹ ነው። ቅጹ ቢያምርም ግን ጭንቀቴ አይለቀኝም። የእኛ ሰው ነጭ ጋወን የለበሰን ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ያከመውን ማስቀየም አይፈልግም። ደግሞም ይፈራል፤ ነገ መድኃኒት ቢከለክሉኝስ ይላል። ስለዚህ ይፈርማል፤ መጻፍ ካልቻለም ምስክር ባለበት አሻራውን ያኖራል። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ሁሉ ነገር የተሟላ ይመስለዋል።

ስለዚህ ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ፈቃዱን የሚጠይቀው ማነው? የምትጠየቀዋ ሴት ቤቷ ሄዳ ከሰዎቿ ጋር ለመማከር ጊዜ አላት ወይ? የሚሰጣት ገንዘብ የትራንስፖርቷንና የዋለችበትን የሚሸፍን ነው፣ ወይስ ድሃ ሰው እምቢ ሊለው የማይችለው? በቀደም አንድ ጥናት በዚሁ ምክንያት መለስን። ነፍሰ ጡሮቹን ደም ስጡ የምትላቸው የክትትላቸው ነርስ ራሷ ነበረች። ተመራማሪው ተናደደ፤ «መመረቂያዬን አዘገያችሁብኝ» አለ። እውነቱን ነው፤ መዘግየትም ሰው ይጎዳል፤ ኮሚቴ ቶሎ መልስ መስጠት አለበት። በዚህኛው ግን አልቆጨኝም። ጠያቂዋ ተቀየረች፣ ጥናቱም ቀጠለ።

አንድ የሰማሁትን ልንገርሽ፤ ደስ ስላለኝ ነው። በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት የሚሄዱ ገበሬዎችን እግር የሚያሳብጠውን በሽታ ታውቂዋለሽ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉትን። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚያመጣው አፈሩ ነው። ግን አንዳንድ ቤተሰብ ላይ ይበረታል። ተመራማሪዎች ይህን የዘር ተጋላጭነት ለማጥናት ወላይታ ሄዱ። ደም ከመውሰዳቸው በፊት ግን እንዴት ብለን እንጠይቃችሁ ብለው ሕዝቡን ራሱን ጠየቁ። ከፍርሃቶቹ አንዱ መገለል ሆኖ ተገኘ። ታማሚዎቹ ድሮም ይገለላሉ። በዘር ነው ከተባለማ ጤነኞቹ ልጆችም የሚያገባቸው ሊያጡ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ሰምተው አጠያየቃቸውን አስተካከሉ፤ ታማሚዎቹ በሚያምኑት የአካባቢ ድርጅት በኩልም ቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ጽፈው አሳተሙት። የዘር ጥናቱ ውጤትም እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። ሰውን ማክበር ጥናት አያስቀርም ስል የምጠቅሰው ይህን ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ክሊኒክ ስንት ዘመን ሠርተሻል። ታማሚ አንገቱን ደፍቶ እሺ ሲልሽ፣ ወዶ ይሁን ፈርቶ በምን ትለዪ ነበር? ምን ብለሽ ስትጠይቂያቸው ነበር ደፍረው አልፈልግም የሚሉሽ? ሳትቆጥቢ ጻፊልኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ አነሣዋለሁ።

እትዬን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ